ጓሮህን በየካቲት ንደፍ

ልጄ፣ ጾሬ ላይ ቦታ አግኝተህ ጎጆ ልትወጣ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ግቢህን ከዳር እስከ ዳር በሚበላ ነገር መሙላት እንደምትፈልግም ነግረኸኛል፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ ጥያቄህ የመጣው በሐምሌ መሆኑ ላይ ነው። በሐምሌ አሶሳ ላይ የማይበቅል ነገር የለም፤ ለአጥር የተተከለ እንጨት እንኳ ቅጠል ያወጣል። በየካቲት ግን ያ ሁሉ አረንጓዴ ነገር ከየት እንደሚጠጣ ይጠይቅሃል። ስለዚህ ይህን ምክር በየካቲት ዓይን አንብበው። ቁጥር የሰጠሁት እንድታስታውሰው ነው፤ ሁሉም እኩል ስለሚመዝን አይደለም።

1. ችግኝ ሳትቆጥር ጄሪካን ቁጠር።

የእኛ አካባቢ ዝናብ አንድ ወቅት ብቻ ነው ያለው። ከሚያዝያ መጨረሻ ወይም ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘንባል፤ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፣ ብዙ ውኃ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ግን ጠብ አይልም ማለት ይቻላል። ግቢህ ስንት ተክል መሸከም እንደሚችል የሚወስነው ይኸው በጋ ነው።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ቤትህ ከእቃ፣ ከገላና ከልብስ እጣቢ በቀን ሁለት ጄሪካን፣ ማለትም 40 ሊትር ይደፋል እንበል። በሳምንት 280 ሊትር ይሆናል። ሥሩን ገና ላልሰደደ የፍራፍሬ ችግኝ በሳምንት አንድ ባለ20 ሊትር ጄሪካን ብትመድብለት 14 ችግኝ ያጠጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያህ 14 ነው። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ ማግኘት ቀሏል፤ 50 ቢሰጡህ ከ14 የተረፈውን ለጎረቤት አካፍል። ሁለት በጋ ያለፈ ዛፍ ሥሩ ጠልቆ ራሱን መቻል ሲጀምር፣ ያኔ ለሌላ ችግኝ ቦታ ይለቅልሃል። ሞልቶ ከሚደርቅ ግቢ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት የሚጨመርበት ይበልጣል።

የጣሪያህን ውኃም አስላው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሊትር ነው። 40 ካሬ የሆነ ጣሪያ ላይ አንድ ደህና ዝናብ፣ 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ 800 ሊትር ይወርዳል፤ አራት በርሜል ሞላ ማለት ነው። አሸንዳ ካልገጠምክ ይህ ሁሉ የቤትህን መሠረት እየቦረቦረ ወደ መንገድ ይሄዳል። ነገር ግን በርሜል ወይም ሮቶ ገዝቶ የክረምቱን ውኃ ለየካቲት ማቆየት የሀብታም ሥራ ነው። የአንተ ትልቁ በርሜል አፈሩ ነው። ግቢህ ዘመም ካለ ከላይኛው ወገን ተዳፋቱን አቋርጦ የሚሄድ፣ ጉልበት የማይደርስ ቦይ ቆፍር፤ የጣሪያው ውኃ እዚያ ይግባና ቀስ ብሎ ይስረግ። ዛፎችህን ከቦዩ ግርጌ ትከል። ላዩ ደርቆም ሥሩ አካባቢ ያለው አፈር ብዙ ሳምንት እርጥበት ይዞ ይቆያል።

ውኃ የምታጠራቅምበት በርሜል ካለህ ግን ክደነው። አሶሳ የወባ አገር መሆኑን የሚነግርህ አትፈልግም። ደግሞ ከእስያ የመጣች፣ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የወባ ትንኝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሐር ላይ ተገኝታለች፤ የእሷ ጠባይ ከረግረግ ይልቅ ሰው ባጠራቀመው ንጹሕ ውኃ ውስጥ መፈልፈል ነው። ክዳን የሌለው በርሜል ጓሮህን እያጠጣ ልጆችህን ያሳምማል።

2. ከማድ ቤቱ በር ተነሥ።

በየቀኑ የምትቀጥፈው ለማድ ቤቱ በር ይቅረብ፤ ቃሪያ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ናና፣ ጎመን። ምግብ የምታበስለዋ ሴት ወጥ ተጥዶ እያለ ሄዳ የማትመለስበት ርቀት ላይ ያለ ቃሪያ ከሱቅ እንደሚገዛ ቃሪያ ነው። በሳምንት አንዴ የምትጎበኘው ቀጥሎ ይምጣ፤ በዓመት አንዴ የምትለቅመው ዛፍ ዳር ይቁም። ሽንት ቤቱን ከሁሉ ቁልቁል አድርገው፣ ጥሬውን የሚበላ ቅጠል ከበታቹ አትትከል። የቤትህን ምዕራብ ግድግዳ ደግሞ ባዶ አትተወው። በየካቲትና በመጋቢት የከሰዓት ፀሐይ የምትመታው እሱን ነው። ከሽመል፣ ከቆላው ቀርከሃ፣ የተሠራ ዳስ አቁመህ ፓሽን ፍሩት ወይም ዱባ አውጣበት፤ ክፍሉም ይቀዘቅዛል፣ ዱባውም ይበላል።

3. ስለ ማንጎ ረዘም አድርጌ ልምከርህ።

አሶሳ የሚለው ስም ሲነሣ ማንጎ አብሮ ይነሣል። በ1970ዎቹ ከወሎ በሰፈራ መጥተን፣ ስም ሳይሆን ቁጥር በተሰጣቸው አምባዎች ስንሰፍር፣ ማንጎውን በልተን ዘሩን በየደጃፋችን ቀበርነው፤ ዛሬ የብዙው ግቢ ጥላ ያ ነው። ከዘር የበቀለ ማንጎ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ያስጠብቅሃል፣ ከዚያም ከ15 ሜትር በላይ ይወጣል። ቁመቱ ሲያኮራን ኖሯል፤ አሁን ግን ዕዳ ሆኗል።

ምክንያቱ ነጩ የማንጎ ተባይ ነው። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተመዘገበው በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ሲሆን ከዚያ ወደ እኛም ተሻገረ። ቅጠሉን ከላይም ገልብጠህም ተመልከት፤ የዱቄት ርጭት የሚመስል ነጭ ነገር ካየህ እሱ ነው። ከነጩ ሽፋን ሥር ሆኖ የቅጠሉን ፈሳሽ ይመጥጣል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ፍሬው ላይ ነጠብጣብ ይቀርና ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል። ገና የተፈለፈለው በነፋስ ይሄዳል፤ በችግኝም ተጭኖ ይመጣል። መድኃኒቱ ተገርዞ ብርሃንና አየር የሚያልፍበት ዛፍ፣ ተለቅሞ የተቃጠለ ቅጠል፣ በሳሙና ውኃ የታጠበ ቅርንጫፍ ነው። ይህን ሁሉ ሦስት ፎቅ ቤት በሚያህል ዛፍ ላይ ማን ወጥቶ ይሠራዋል? እጅህ የማይደርስበትን ዛፍ ማከም አትችልም። ይህ ጓሮ ለሚነድፍ ሰው ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ይመስለኛል፣ ለማንጎ ብቻም አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ማንጎ ትከል፣ ከሁለት በላይ አትትከል። ሁለቱም ቅርንጫፋቸው ከሌላ የታወቀ ዛፍ መጥቶ የተጣበቀባቸው፣ ሰው "የተዳቀለ" የሚላቸው ችግኞች ይሁኑ፤ በሦስትና በአራት ዓመት ያፈራሉ። ኬንት፣ ኪት፣ ቶሚ አትኪንስ፣ አፕል ማንጎ የሚባሉ ዓይነቶች አሉ፤ አንዱን ቀድሞ የሚደርስ፣ ሌላውን የሚዘገይ አድርገህ ምረጥ። ከቤትህ ስምንት ሜትር አርቃቸው፤ ሌሊት ቆርቆሮ ላይ የሚወድቅ ማንጎ ሰው ያስነሣል። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በየዓመቱ ገርዛቸው፤ መሰላል ይዘህ ከምትደርስበት ከፍታ አያልፉ።

የማንጎ ጎርፍ የሚመጣው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው፤ ያኔ ሁሉም ሰው ማንጎ ስላለው ማንም አይገዛህም። ቆርጠህ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነህ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ልመድ። ዝናቡ ከገባ በኋላ ፀሐይ አታገኝም።

4. ሙዝን እጣቢው አጠገብ፣ ፓፓያን ጉብታ ላይ።

አንድ ሜትር የሚሰፋ፣ ያን ያህል የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ በሣር፣ በቅጠል፣ በማድ ቤት ጥራጊ ሙላው፤ በዙሪያው አራት ወይም አምስት ሙዝ ትከል፤ ከ14ቱ ችግኞች የሚተርፈውን የእቃና የገላ እጣቢ እዚያ ድፋ። የኦሞ ውኃ ሰላጣ ላይ አይደፋም፤ ሙዝ ግን ይችለዋል። የሞላው ሲበሰብስ እየሰጠመ ስለሚሄድ በየጊዜው ጨምርበት። ሙዝ የሚያብብበትን ግንድ ካፈራ በኋላ ቆርጠህ ጉድጓዱ ውስጥ ጣለው፤ ከሥሩ የሚወጣውን ልጅ አንድ ሁለት ብቻ ተው።

ፓፓያ ደግሞ ውኃ ከተኛበት ሥሩ በስብሶ ይሞታል፤ በሐምሌ የሞቱትን ፓፓያዎች ብዙ ሰው በተባይ ያሳብባል። አፈር ከምረህ ጉብታው ላይ ትከለው። በአንድ ቦታ ሦስት ችግኝ አድርግና ሲያብቡ ወንዶቹን ንቀል፤ የወንዱ አበባ በረጅም ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል፣ የሴቷ ግን ግንዱ ላይ ተጣብቆ ነው። ለግቢው ሁሉ አንድ ወንድ ይበቃል።

5. ከበርታ እናቶች ተማር።

እኛ ስንመጣ ይዘነው የመጣነው የደጋ እውቀት ነበር። ይህን አፈርና ይህን ሰማይ የሚያውቁት ባለቤቶቹ በርታዎች ናቸው። የበርታ ግቢ ውስጥ ግባና (አስፈቅደህ፣ ሰላምታህን አስቀድመህ) ምን ከምን አጠገብ እንደተዘራ ተመልከት። ባሚያውን፣ ዱባውን፣ ከርከዴውን፣ ቅሉን በአጥር ሥር ታየዋለህ። ባሚያ በክረምት እሸቱ ይበላል፤ የተረፈው ተከትፎ በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል፤ በበጋ ከማሽላ ገንፎ ጋር የሚበላው ወጥ የሚወፍረው በዚያ ዱቄት ነው። አንድ መደብ ባሚያ ስድስት ወር ወጥ ይሆናል። ይህን የመሰለ ንድፍ የትኛውም ባለሙያ አይሠራልህም።

የሽመል ቡቃያም አለ። ክረምቱ ሲጠነክር ከመሬት የሚወጣው ለጋ ቡቃያ ተልጦ፣ ተቀቅሎ፣ መራራው ውኃ ተደፍቶ ይበላል፤ በርታውም ጉሙዙም የሚያውቀው ምግብ ነው። ሽመሉን ግን ከታች ባለው የግቢህ ጠርዝ ላይ አድርገው፤ ከአትክልቱ ጋር ውኃ ይሻማል። ደግሞም ሽመል ከብዙ ዓመት በኋላ አንዴ ያብብና ሙሉ በሙሉ ይሞታል፤ ያ ሲሆን አትደንግጥ፣ ዘሩን ሰብስብ።

በጾሬ የስደተኞች መጠለያ ያሉት ጎረቤቶችህንም አትርሳ። መጠለያው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ተከፈተ፤ በአካባቢያችን ካሉት ስደተኞች ብዙዎቹ ከሱዳን የብሉ ናይል ግዛት የመጡ ናቸው፣ አፈሩም ዝናቡም ከእኛ ብዙ አይርቅም። ዘር ተለዋወጣቸው። ጠባብ ቦታ ላይ ማምረትን ያወቁት ተገደው ነው።

6. ምስጥን በብልሃት እንጂ በጉልበት አታሸንፈውም።

ኩይሳ አፍርሰህ ጋዝ ብታፈስበት ንግሥቲቱ ከሥር አለች። ምስጥ አስቀድሞ የሚያጠቃው የደከመውን፣ የተጠማውንና የሞተውን ነው። ችግኝህን በደረቅ እንጨት አትደግፍ፤ ደጋፊው ምስጥ ጠርቶ ያመጣበታል። ጉዝጓዝ አልብስ፣ ግን ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቀው፤ ግንዱ ዙሪያ አመድ ነስንስ። ኩይሳውን ግቢ ውስጥ ካገኘኸው አፈሩ ለመደብ ጥሩ ነው፣ ቆፍረህ ተጠቀምበት።

አመዱ ሌላም ጥቅም አለው። ቀዩ አፈራችን አሲድ ያጠቃዋል፤ ጎመንና ባቄላ ቢጫ ሆነው የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አመድና የከብት ፍግ ቀስ በቀስ ያስተካክሉታል። አመድ ግን በእፍኝ እንጂ በአካፋ አይደረግም፣ ቡና ሥር ደግሞ ባታደርገው እመርጣለሁ።

7. አጥር፣ ፍየልና እሳት።

እህል ከተሰበሰበ በኋላ ፍየል ሁሉ ይለቀቃል። ፍየል የገባበት ጓሮ በአንድ ከሰዓት የሁለት ዓመት ድካም ያጣል። የሽመል አጥር ያምራል፣ ምስጥ ግን ይበላዋል፤ ስለዚህ የሽመሉ አጥር ሳይወድቅ ሕያው አጥር ከሥሩ ይደግለት። የርግብ አተርና ሽፈራው ጥቅጥቅ አድርገህ ትከል፤ የሚበላ አጥር ይሆንልሃል። ሽፈራው ኮንሶዎች ከማሳቸው መሐል አስገብተው ቅጠሉን እንደ ጎመን የሚበሉት ነው፣ በጋም ቅጠል አይነሣህም። ጃትሮፋ ለአጥር ይመክሩሃል፤ ፍሬው መርዝ ነው፣ ሕፃን ያለበት ግቢ አይገባም። ቅንጭብም ወተቱ ዓይን ያጠፋል።

ከፍየሉ የሚከፋው እሳት ነው። ከኅዳር በኋላ ሣሩ ሲደርቅ ጫካው ይቃጠላል፤ በየዓመቱ የምታየው ነው። ከአጥርህ ውጭ ሦስት ሜትር ያህል ሣሩን አጭደህ አጽዳ። ጉዝጓዝህንም ከቤቱ ግድግዳና ከአጥሩ ራቅ አድርግ። ደረቅ ቅጠል ተሸክሞ የቆመ ግቢ ለእሳት የተዘጋጀ ግቢ ነው።

8. ደርብ ደርብ አድርገህ ትከል።

ጌዴኦዎች በትልልቅ ዛፍ ሥር ቡናና እንሰት፣ በእነሱ ሥር ሌላ ተክል አድርገው የሚኖሩበት መልክዓ ምድር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተመዝግቧል። እንሰቱን ለእነሱ ተውላቸው፤ አሠራሩን ግን ውሰድ። ዋንዛ ቀድሞ የነበረበት ቦታ ካገኘህ አትቁረጠው፣ በሥሩ ቡና ይሄዳል፤ ከቡናው ጎን ዝንጅብልና እርድ ጥላ ይወዳሉ፣ ጎደሬ እርጥቡን ይይዛል። ዶቅማና ሆመር ካገኘህ ደግሞ ተዋቸው፤ ያለ አንተ ውኃ የሚኖሩ ናቸው። አቮካዶ አንድ ይበቃሃል፣ ውኃ የማይተኛበት ቦታ።

9. እያንዳንዱን ወር ምን ትሰጠኛለህ ብለህ ጠይቀው።

አሥራ ሦስቱንም ወር ወረቀት ላይ ጻፍና ከየወሩ ጎን ግቢህ ምን እንደሚያቀርብ አስፍር። ጎተራ የሚራቆተው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ማንጎ በሰኔ አልቆ ይሆናል። ስለዚህ በሐምሌ የዱባ ቅጠል፣ ባሚያና የሽመል ቡቃያ፣ በነሐሴና በመስከረም እሸት በቆሎ መኖር አለበት። ስኳር ድንች ከጥቅምት በኋላ ይወጣል፤ ጎደሬና ቦዬ መሬት ውስጥ ቆይተው በጋውን ይጠብቁሃል። ፓፓያ ወር አይመርጥም። ወረቀቱ ላይ ባዶ የቀረ ወር ካለ ቀጣዩ ችግኝህ ለእሱ ነው። ሰው ለአበባ ውበት ሲነድፍ አይቻለሁ፣ ክፋት የለውም፤ ባዶው ወር ግን በአበባ አይሞላም።

10. ስትገዛ ቅጠሉን ገልብጥ።

ችግኝ ከመንገድ ዳር በርካሽ አትግዛ። አሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ የወረዳህ የግብርና ባለሙያም አለ፤ የትኛው ችግኝ ጣቢያ የታመነ እንደሆነ ጠይቃቸው። ማንጎ ከሆነ የእያንዳንዱን ቅጠል ፊትና ጀርባ ተመልከት፤ አንድ ነጭ ነጥብ ካየህ በነጻ ቢሰጡህም አትውሰድ፣ የጎረቤትህንም ዛፍ ታስጠቃለህና። ጉድጓዶቹን ደግሞ በሚያዝያ ቆፍረህ ፍግ አስገብተህ አሳድራቸው። ዝናቡ ሁለት ሦስቴ በደንብ ከጣለ በኋላ ተክለህ ጨርስ፤ በነሐሴ መጨረሻ የሚተከል ችግኝ ሥር ሳይሰድ በጋው ይደርስበታል፣ እሱን ለከርሞ አቆየው።